ዘንዶዬ «ትችላለህ» አይልም

አባቴ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከጓደኞቹ ጋር ኮንከር ሲጫወት አጠገቡ ተቀምጬ ነው ያደግሁት። በኮንከር ሕጉ ለሁሉም እኩል ነው፤ ተራው የደረሰው ሰው አንድ ካርታ ይስባል፣ አንድ ይጥላል፣ ከዚያም ለቀጣዩ ይለቃል። ማንም ከማንም አብልጦ ስለማይስብ፣ ብልጫው ያለው የያዙትን በማቀናጀትና ሌላው የጣለውን ልብ በማለት ላይ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት የአጎቴ ልጅ ለገና ከዋሽንግተን መጥቶ ማጂክ ዘ ጋዘሪንግ የተባለውን የካርድ ጨዋታ ሲያስተምረኝ መጀመሪያ የገረመኝ ይኸው ነገር ነበር። እዚያም ቢሆን በየተራው የሚሳበው አንድ ካርድ ነው፤ ነገር ግን ካርዶቹ ራሳቸው ይህን ሕግ እንዲጥሱ ተፈቅዶላቸዋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሠራኋቸው ዴኮች ሁሉ (ተጫዋቾች የካርድ ስብስባቸውን ዴክ ይሉታል) ከሌላው ሰው አብልጦ በመሳብ ላይ የቆሙ ናቸው። ዛሬ የምጽፈው ስለ ሦስተኛው ነው፤ ከሦስቱ አብልጬ የምወደውም፣ ከሦስቱ ይበልጥ ያሳፈረኝም እሱ ነው።

ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ ያህል፣ ሁለት ሰዎች እያንዳንዳቸው ቢያንስ 60 ካርድ ያለው ዴክ ይዘው ይቀመጣሉ፤ ከመሠረታዊ መሬቶች በስተቀር የአንድ ካርድ ቅጂ ከ4 መብለጥ አይችልም። ሁለቱም በ20 የሕይወት ነጥብና በእጃቸው በያዙት 7 ካርድ ይጀምራሉ። የመሬት ካርዶች ማና የሚባለውን መክፈያ ያስገኛሉ፤ በየተራው የሚወርደው መሬት አንድ ብቻ ስለሆነ፣ 6 ማና የሚያስከፍል ካርድ ረዳት ካላገኘ ከስድስተኛው ተራ በፊት ጠረጴዛ ላይ አይወጣም። ነጥቡ ዜሮ የደረሰበት ይሸነፋል፤ ካርድ የሚስብበት ክምር ባዶ ሆኖ ሳለ ሳብ የተባለም እንዲሁ ይሸነፋል። ይህችን የመጨረሻዋን ሕግ አንባቢ ይያዝልኝ፤ ኋላ እመለስባታለሁ።

መሳብ ምን ያህል ኃይል እንዳለው ለመረዳት ከመጀመሪያው የካርድ ስብስብ የተሻለ ማስረጃ የለም። ሪቻርድ ጋርፊልድ ጨዋታውን በ1993 እ.ኤ.አ. ሲያወጣ፣ በአንድ ማና ከአንድ ነገር ሦስት የሚሰጡ አምስት ካርዶች በአምስቱ ቀለማት ታትመው ነበር። ቀዩ 3 ጉዳት ያደርሳል፤ ጥቁሩ 3 ማና ይሰጣል፤ አረንጓዴው ፍጡርን (ጠረጴዛ ላይ ወርዶ ለባለቤቱ የሚዋጋ ካርድ ነው) በ3 ያፈረጥማል፤ ነጩ 3 የሕይወት ነጥብ ይመልሳል፤ አንሴስትራል ሪኮል የተባለው ሰማያዊው ደግሞ 3 ካርድ ያሰጣል። በወረቀት ላይ ሲታዩ አምስቱም ወንድማማቾች ናቸው። ዛሬ ግን ነጩን ዞር ብሎ የሚያየው የለም፤ ሰማያዊው ግን ቪንቴጅ በሚባለው የአጨዋወት ዓይነት በአንድ ቅጂ ብቻ ተገድቧል፣ ሌጋሲ በሚባለው ጨርሶ ታግዷል። ካርድ የሚሰጥ ካርድ ውስጥ ጉዳቱም፣ ማናውም፣ ሕይወቱም ሊኖር ስለሚችል፣ ሦስት ካርድ ከሌሎቹ ሦስቶች ሁሉ ይበልጣል።

የእኔ ዴክ የተሠራው በሁለት ካርዶች ጋብቻ ላይ ነው። የመጀመሪያው ኒቭ-ሚዜት የሚባለው ዘንዶ ነው፤ ይህ ዘንዶ በተለያየ ጊዜ በተለያየ መልክ የታተመ ሲሆን፣ እኔ የምጠቀመው በ2006 እ.ኤ.አ. የወጣውን ፋየርማይንድንና በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣውን ፓሩንን ነው። ሁለቱም 6 ማና ያስከፍላሉ፤ ሁለቱም ባለቤታቸው ካርድ በሳበ ቁጥር በመረጠው ዒላማ ላይ 1 ጉዳት ያደርሳሉ። ሁለተኛው ኪዩሪዮሲቲ ነው፤ የማወቅ ጉጉት ማለት ነው። በ1998 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ አንድ ሰማያዊ ማና ብቻ የሚያስከፍል፣ ፍጡር የሚለብሰው ካርድ ሲሆን፣ የለበሰው ፍጡር በተቃራኒ ተጫዋች ላይ ጉዳት ባደረሰ ቁጥር «አንድ ካርድ መሳብ ትችላለህ» ይላል።

ሁለቱ ሲገናኙ የሚሆነውን ልብ ይሏል። አንድ ካርድ ይሳባል፤ ዘንዶው 1 ጉዳት ያደርሳል፤ ጉዳቱ ካርድ ያስገኛል፤ ያም ካርድ መልሶ ጉዳት ይሆናል። 20 ነጥብ ያለው ሰው በ20 ካርድ ያልቃል፤ በዚያ ሰዓት ክምሬ ውስጥ ብዙውን ጊዜ 40 ገደማ ካርድ ስለሚኖር አዙሪቱ ሳይጎድልበት ይዘልቃል። ጉዳቱ መሄድ ያለበት ወደ ተጫዋቹ እንጂ ወደ ፍጡሮቹ አይደለም፤ ፍጡር ከተመታ ጉጉቱ ምንም አይሰጥም፣ አዙሪቱም እዚያው ይቆማል። «ትችላለህ» የምትለዋ ቃልም የተቀመጠችው ለጌጥ አይደለም። ሰውየው ገና ሳይሞት ክምሬ ሊያልቅ ቢደርስ «በቃኝ» ብዬ ማቆም የምችለው በእሷ ነው።

ጋብቻውን መረዳት የአንድ ምሽት ሥራ ነበር፤ ሙሽሮቹን በአንድ ቀን ጠረጴዛ ላይ ማገናኘት ግን ወራት ወሰደብኝ። ሥራዬ ከቁጥር ጋር ስለሆነ አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ባለው ቢሯችን ኤክሴል ከፍቼ ስሌቱን ሠራሁት። ዘንዶው 4፣ ጉጉቱ 4 ቅጂ ቢኖረው፣ በመጀመሪያዎቹ 7 ካርዶች ውስጥ ሁለቱም የመገኘት ዕድላቸው 14 ነጥብ 5 በመቶ ብቻ ነው። ጉጉቱን የሚተካ ኦፊዲያን አይ የሚባል ካርድ መኖሩን ሳውቅ የእሱን 4 ቅጂ ጨመርሁ፤ ዕድሉ ወደ 24 በመቶ አደገ። ሁለተኛ ሆኜ ስጀምር በስድስተኛው ተራዬ ያየሁት ካርድ 13 ነው፤ በዚያ ጊዜ ሁለቱም በእጄ የመሆን ዕድላቸው 55 በመቶ ይሆናል። ይህ ማለት ሌላ ነገር ካልተጨመረበት፣ ዘንዶው መውረድ በሚችልበት ሰዓት ከሁለት ጨዋታ በአንዱ ያህል ባዶ እጄን እቀመጣለሁ ማለት ነው። እስከዚያ ድረስ 6 ተጨማሪ ካርድ ብቻ ባይ ግን ቁጥሩ 76 በመቶ ይደርሳል። ስለዚህ ዴኩን የሚያቆመው ታላቁ ዘንዶ ሳይሆን፣ ወደ ዘንዶው የሚያደርሱት ባለ አንድ ማና ትናንሽ ካርዶች መሆናቸውን ያመንሁት ያን ዕለት ነው። ቀደም ሲል የሠራኋቸው ሁለቱ ዴኮች የወደቁት ይህን ባለመረዳቴ ነበር፤ በጦረኛና በጉልበተኛ ሞልቼ መንገዱን ግን አልጠረግሁላቸውም።

መጨረሻ ላይ የደረስሁበት አሰላለፍ የሚከተለው ነው። መሬቱ 24 ሆኖ 13ቱ ሰማያዊ ማና የሚሰጥ ደሴት፣ 11ዱ ቀይ የሚሰጥ ተራራ ናቸው። ዘንዶዎቹ 4 ናቸው፤ ሁለቱ ፓሩን፣ ሁለቱ ፋየርማይንድ፤ አንድ ስም ያላቸው ሁለት ዝነኛ ፍጡሮች በአንድ ባለቤት ሥር አብረው መቀመጥ ስለማይችሉ ስማቸውን ለያየሁት። ኪዩሪዮሲቲና ኦፊዲያን አይ አራት አራት ናቸው። ከዚያ ክምሩን የሚያገላብጡልኝ ፖንደር፣ ብሬይንስቶርምና ኦፕት አራት አራት ሆነው ገቡ። ፖንደርና ብሬይንስቶርም እያንዳንዳቸው በአንድ ማና ሦስት ሦስት ካርድ ስለሚያሳዩ፣ የፈለግኋቸው 6 ካርዶች በእነዚህ በሁለቱ ብቻ ይታያሉ። ቀሪው ቦታ 3 ጉዳት ለሚያደርሰው ለቀዩ ላይትኒንግ ቦልት፣ ሌላው የሚያወርደውን ካርድ ለሚሽረው ለካውንተርስፔልና ማና ለሚጨምረው ለኢዜት ሲግኔት አራት አራት ተከፈለ። ሲግኔቱን መጀመሪያ ላይ ንቄው ነበር፤ ፓሩን ሦስት ሰማያዊና ሦስት ቀይ ማና ካልተከፈለው አልወርድም የሚል ኩሩ በመሆኑ፣ አንድ ቀን አምስት ደሴትና አንድ ተራራ ዘርግቼ ዘንዶዬን በእጄ እንደያዝሁ ከተሸነፍሁ በኋላ ግን ከዴኩ አውጥቼው አላውቅም።

መሬቶቹን የአጎቴ ልጅ በካርቶን ትቶልኝ ሄዷል። ከመሬት ውጭ ያሉት 36 ካርዶች ግን አዲስ አበባ ውስጥ እንደ ሸቀጥ ሱቅ ገብቶ የሚገዛቸው አይደሉም፤ ስለዚህ አሳተምኋቸው። በይፋዊ ውድድር እውነተኛው ካርድ ግድ ነው፤ እኛ ግን በማኪያቶ ዙሪያ ለራሳችን የምንጫወት ሰዎች ነን። የአንድ ካርድ መጠን 63 በ88 ሚሊ ሜትር ስለሆነ በአንድ ኤ 4 ወረቀት ላይ ዘጠኝ ካርድ ይሰፍራል፤ 36ቱ አራት ገጽ ሆኑ። አራት ኪሎ ባለ አንድ ማተሚያ ቤት ይዣቸው ስገባ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ የሰቀሉት ባለሙያ ዘንዶውን ትክ ብለው አይተው፣

«ልጄ፣ ይሄ መታወቂያ ነው ወይስ ጥንቆላ?» አሉኝ።

«ጨዋታ ነው፣ ጋሼ፤ እንደ ካርታ ያለ።»

«በገንዘብ ነው የምትጫወቱት?»

«ኧረ በጭራሽ! የተሸነፈ ማኪያቶ ይጋብዛል።»

«እሱማ ቁማር ነው» አሉና ሳቁ፤ ሆኖም ወፈር ያለውን ወረቀት መርጠው፣ ጠርዙን በመቁረጫው ራሳቸው አስተካክለው ሰጡኝ። ካርዶቹን ከእውነተኞቹ ጋር በፕላስቲክ ልባስ ውስጥ ስከታቸው ከጀርባ ልዩነታቸው አይታይም። ልባሱ የግድ ያስፈልጋል፤ የታተመው ወረቀት ከእውነተኛው መሬት ስለሚሳሳ፣ ያለ ልባስ የሚበውዘው ሰው በጣቱ ዳሰሳ ብቻ የሚቀጥለው ካርድ መሬት ይሁን አይሁን ሊለይ ይችላል።

የምንጫወተው አራት ሆነን ነው። በፊት ፒያሳ አንድ የታወቀ ጥግ ነበረን፤ በ2016 ዓ.ም. አካባቢው ሲፈርስ ጥጉም አብሮ ስለሄደ፣ አሁን አራት ኪሎ አንድ ካፌ ፎቅ ላይ ቅዳሜ ቅዳሜ እንገናኛለን። አስተናጋጇ ለምዳናለች፤ ማኪያቶውን ክምሩ አጠገብ አታስቀምጥም።

ዴኩ ሁለት ሆነን ስንጫወት መጀመሪያ ያስተማረኝ ነገር መራራ ነበር። ዘንዶውን አውርጄ፣ በሚቀጥለው ተራ ደስ እያለኝ ጉጉቱን ላለብሰው ስል፣ ተጋጣሚዬ ጉጉቱ ገና ሳያርፍ ዱም ብሌድ በሚባለው ባለ ሁለት ማና ካርድ ዘንዶውን ገደለው። የሚለብሰው ፍጡር ያጣ ጉጉት አብሮ ወደ መቃብር (ያለቀላቸው ካርዶች ወደሚጣሉበት ክምር) ይወርዳል፤ እሱ በአንድ ካርድ ሁለቴን ወሰደ ማለት ነው። ኦፊዲያን አይ ዋጋው 3 ማና ቢሆንም ከኪዩሪዮሲቲ የሚሻልበት ምክንያት እዚህ ላይ ነው፤ በሌላው ሰው ተራም ሆነ በማንኛውም ቅጽበት ሊወርድ ስለሚችል፣ ተጋጣሚ ማናውን ጨርሶ እጁን እስኪያጣምር ድረስ መጠበቅ ይቻላል። ከዚያ ወዲህ በአንድ ማና የሚመጣውን ጉጉት የማወርደው ካውንተርስፔል የሚያስችለኝን ሁለት ደሴት ሳልነካ ካስቀረሁ ብቻ ነው።

በቀሉ ግን ጣፋጭ ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ ያው ጓደኛዬ በ17 ነጥብ ላይ ሳለ እኔ ፓሩንን ጉጉት አልብሼ ተራዬን ለቀቅሁ። ፓሩን ከፋየርማይንድ የሚለየው፣ ማንኛውም ተጫዋች ኢንስታንት ወይም ሶርሰሪ የተባለውን የካርድ ዓይነት በተጠቀመ ቁጥር ለባለቤቱ ካርድ ስለሚስብ ነው። ጓደኛዬ እንደ ልማዱ ዱም ብሌዱን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈና፣

«ደህና ሁን በለው» አለኝ።

«ቆይ እንጂ፤ ኢንስታንት እኮ ነው። መጀመሪያ አንድ ልሳብ።»

በዚህ ጨዋታ ኋላ የመጣው ቀድሞ ይፈጸማል፤ በእሱ ካርድ የተቀሰቀሰው የእኔ መሳብ ከራሱ ካርድ በላይ ይቀመጣል። አንድ ሳብሁ፤ 16 ሆነ። ጉጉቱ ሌላ ሰጠኝ፤ 15። ጓደኛዬ እስከ 11 ድረስ እየቆጠረ ሄደና ዝም አለ፤ ከዚያ በኋላ የሚሰማው ካርዶቹ አንድ በአንድ ከክምሩ ሲነሡ የፕላስቲኩ ድምፅ ብቻ ነበር። ዱም ብሌዱ እዚያው እንደተቀመጠ፣ ዘንዶው ላይ ሳይደርስ፣ ባለቤቱ ዜሮ ገባ። ያን ዕለት የጠጣሁት ማኪያቶ በተለየ ሁኔታ ጣፍጦኛል።

ጥጋብ ያመጣውን ልንገራችሁ። ለአራት ሰው የሚመቸው አጨዋወት ኮማንደር ይባላል፤ ዴኩ 100 ካርድ ነው፣ ከመሠረታዊ መሬት በቀር ሁሉም አንድ አንድ ቅጂ ብቻ ይኖረዋል፣ ሁሉም በ40 ነጥብ ይጀምራል፣ መሪ የሆነው ዝነኛ ፍጡር ደግሞ ከክምሩ ውጭ ለብቻው ስለሚቀመጥ ባለቤቱ ሲፈልግ ያገኘዋል። ፓሩንን መሪ አድርጌ ስሾመው ግማሹ የዕድል ችግሬ እንደተፈታ ቆጠርሁት፤ ዘንዶውን መፈለግ ቀረልኝ፣ የሚፈለገው ጉጉት ብቻ ሆነ። ያላሰላሁት ቀላሉን መደመር ነው። ሦስት ተጋጣሚ በ40 ነጥብ 120 ይሆናል፤ የእኔ ክምር ደግሞ መሪው ወጥቶለት የመጀመሪያዎቹ 7 ካርዶች ሲነሡ 92 ነው።

በዚያ ቅዳሜ አዙሪቱን በራሴ ተራ፣ በመጨረሻዋ ማናዬ አንዲት ትንሽ ኢንስታንት ተጠቅሜ ስጀምር ክምሬ ውስጥ 78 ካርድ ነበር። የመጀመሪያው ጓደኛዬ በ40 ካርድ ወጣ። ሁለተኛው በጨዋታው መሐል ነጥቡን ወደ 46 አሳድጎ ስለነበር፣ 36 አስከፍዬው 10 ሲቀረው ክምሬ ውስጥ የቀረው ሁለት ካርድ ብቻ መሆኑን አየሁ። አልደነገጥሁም፤ «ትችላለህ» የምትለዋን ቃል አስታውሼ በኩራት «እዚህ ላይ ላቁም» አልሁ። ተራዬ ሲያልቅ በእጅ የሚቀረው ካርድ ከ7 እንዳይበልጥ ሕጉ ስለሚያዝ፣ ያን ሁሉ የሰበሰብሁትን ክምችት ወደ መቃብር ደፋሁት፤ ሰባቱን ለመምረጥ ብቻ አምስት ደቂቃ ያህል ፈጀብኝ።

አምስት ኪሎ ምህንድስና የምትማረው ጓደኛችን እስከዚያ ድረስ አንድም ቃል አልተናገረችም ነበር። ተራዋ ሲደርስ አንዲት ትንሽ ሶርሰሪ አወረደች። እኔ ስለ ሶርሰሪዋ ምንነት ሳስብ፣

«ሳብ» አለችኝ።

«አልፈልግም፤ ይቅርብኝ።»

«አንብበው እስቲ። ‹ትችላለህ› የሚለው ጉጉቱ ላይ ነው፤ ዘንዶው ላይ የለም።»

አነበብሁት፤ እውነቷን ነበር። ፓሩን ኢንስታንት ወይም ሶርሰሪ ሲያይ ካርድ ይስባል እንጂ ባለቤቱን አያማክርም። ሳብሁ፤ በዘንዶው 1 ጉዳት መታኋት፤ ጉጉቱ የሰጠኝን ፈቃድ ግን አልተጠቀምሁም። ሁለተኛ ካርድ አወረደች፤ የመጨረሻዋን ሳብሁ። ሦስተኛውን ስታወርድ ክምሩ በነበረበት ቦታ ጠረጴዛው ብቻ ነበር፤ መሳብ ግድ ሆኖብኝ፣ የሚሳብ ግን አጥቼ ወጣሁ። እሷ ከዘንዶዬ የደረሰባት ጉዳት በድምሩ 2 ነጥብ ነው። ማኪያቶውን የጋበዝሁት ለሦስቱም ነበር።

አሁን የ100ውን ካርድ ዴክ እየከለስሁት ነው። መሪነቱን ከፓሩን ወስጄ ለፋየርማይንድ ሰጥቼዋለሁ፤ እሱ የሚስብልኝ እኔ ሳዝዘው ብቻ ስለሆነ በሌላ ሰው እጅ መሣሪያ አይሆንብኝም፤ በወረደበት ተራ ሊታዘዝ አለመቻሉ ቢያናድድም። የካርዱን ጉድለት የሚሞላ ላቦራቶሪ ማኒያክ የሚባል በ2011 እ.ኤ.አ. የታተመ ባለ ሦስት ማና ሰውም አስገብቻለሁ፤ እሱ ጠረጴዛ ላይ እያለ ከባዶ ክምር ለመሳብ የሞከረ ባለቤት በመሸነፍ ፈንታ ያሸንፋል። አዙሪቱን ከመጀመሬ በፊት እሱን ማውረድ አለብኝ፤ ከእሱ ጋር ዘንዶውንና ጉጉቱን ማቆየት ደግሞ ሦስት ሰዎች በትዕግሥት ሲጠብቁኝ ቀላል አይሆንም። እኔ ግን 120 ጉዳትን በ92 ካርድ ለማድረስ ከመሞከር ይህን እመርጣለሁ።

አዲሱን ገጽ ለማሳተም ባለፈው ማክሰኞ አራት ኪሎ ወርጄ ነበር፤ መብራት ስለጠፋ ጋሼ ነገ ና ብለው መለሱኝ። ለጊዜው ማኒያኩን በአንድ ደሴት ጀርባ ባለ ልባስ ውስጥ፣ ስሙን በእስክሪብቶ የጻፍሁበት ብጣሽ ወረቀት አድርጌ ከትቼዋለሁ። የምህንድስና ተማሪዋ ብጣሹን አይታ፣ ሙሉውን የካርዱን ጽሑፍ ካልጻፍሁበት ቅዳሜ እንደማትቀበለው ነግራኛለች።